ፕሮፌሰሩ ሁለት ጊዜ የፈረሙበት ጽሑፍ

ሰረዝ የሚል ቅጽል ስም ያወጣላት አንድ የሥነ ሰብ መምህር ነው። ለጆርናሉ ባስገባው ጽሑፍ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ገጽ ተኩል ረዝሞ ሲመጣ፣ ዘጠኝ ነጠላ ሰረዝ ሰክታበት መለሰችለት። "ይቺ ሴትዮ ጽሑፌን በሰረዝ ወጋግታ ጨረሰችው" እያለ በየኮሪደሩ ከሰሳት። ክሱ ተረሳ፣ ስሙ ቀረ።

በጆርናሉ ቢሮ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። የሥራ መደቧ "የጽሕፈት ሠራተኛ" ይላል። እውነት አይደለም። የሚገባውን ጽሑፍ ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መስመር የምታነብ እሷ ብቻ ናት። የተደገመ አንቀጽ፣ የሌለ መጽሐፍ፣ ከሠንጠረዡ ጋር የማይገጥም ቁጥር የምትይዝ እሷ ናት። አንድ ዶክተር አነጋገርኳቸው ያሉትን ሽማግሌ በገጽ አራት የሰባ ዓመት፣ በገጽ ዘጠኝ የስልሳ ሁለት ዓመት ሰው አድርገው ጻፉ። ወረቀቱን ይዛ ሄደች።

"ዶክተር፣ ሰውዬው እየቆዩ ነው እንዴ የሚታደሱት?"

ዶክተሩ አንዱን ዕድሜ ሰረዙ። የትኛው ትክክል እንደሆነ ግን አልጠየቁም፤ ለእጃቸው የቀረበውን ነው የሰረዙት።

ጆርናሉ የባህል ጥናት ጆርናል ነው። ሰው እንዴት እንደሚለብስ፣ እንዴት እንደሚያለቅስ፣ እንዴት እንደሚገበያይ ይመረምራል። በደንቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ይወጣል፤ በተግባር በአሥራ አራት ወር አንዴ። ሦስት መቶ ቅጂ ይታተማል፣ ግማሹ መጋዘን ይገባል። የአምናው እትም አንድ ጥቅል የዋና አዘጋጁን ጠረጴዛ አንካሳ እግር ደግፎ ቆሟል። ቢሆንም ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የምርምር ሪፖርት የሚጠየቅ ሁሉ ስሙ እዚያ መውጣት አለበት። ስለዚህ የማያነቡት ሰዎች ይሻሙበታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጽሑፍ ሲገባ ሰረዝ ትቀበላለች። ርዕሱንና የጸሐፊውን ስም የያዘውን የመጀመሪያ ገጽ ገንጥላ በብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ትቆልፍበታለች። ለቀረው ቁጥር ትሰጠዋለች። ዋና አዘጋጁ ቁጥሩን ብቻ እያየ ሁለት ገምጋሚዎች ይመርጣል። ገምጋሚዎቹ አስተያየታቸውን በእጃቸው ጽፈው ይልካሉ፤ ጸሐፊው በእጅ ጽሑፍ እንዳይለያቸው ሰረዝ እንደገና ትተይበዋለች። ማን እንደጻፈና ማን እንደገመገመ አብሮ የሚገኘው በአንድ ቦታ ነው፤ በእሷ መዝገብ ውስጥ። መዝገቡ የሚከፈተው የጆርናሉ ቦርድ ሰብሳቢ በጽሑፍ ሲያዝ ብቻ ነው። በሃያ ሁለት ዓመት ለማንም አንድም ቀን አልተከፈተም።

ይህን መመሪያ የጻፉት ከቢሮው በላይ ባለው ፎቅ የሚሠሩት ፕሮፌሰር ናቸው። የቦርዱ ሰብሳቢም እሳቸው ናቸው።

ሰረዝ የምትኖረው ከታላቅ እህቷ ጋር ነው። እህቷ በጤና ጣቢያ በጽዳት ሠርታ ጡረታ ወጥታለች። ሰፈሩ ውሃ የሚቀዳው ከአንድ ቦኖ ነው፤ ውሃው ሲፈልገው ይመጣል፣ ሲፈልገው ይጠፋል። ሰዓቱ ስለማይታወቅ ሴቶቹ ማልደው ሄደው ድንጋይ ያስቀምጡና ወደ ጉዳያቸው ይሄዳሉ። ድንጋዩ ይሰለፍላቸዋል።

"ግን እንዴት ነው ድንጋዩ የማይቀላቀልባችሁ?" ብላ ጠየቀች ሰረዝ አንድ ቅዳሜ።

"የራስሽን ልጅ ከሰው ልጅ ትቀላቅያለሽ?" አለች እህቷ።

"እኔ ልጅ የለኝ።"

"ለዚያ ነዋ የማይገባሽ።"

በዚህ ቀልድ ተጀመረ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜና እሑድ፣ በሥራ ቀንም ከቢሮ በፊት፣ ደብተር ይዛ ቦኖው ጋ ተቀመጠች። አርባ አንድ ሴቶች አነጋገረች። የሚሰለፈው ድንጋይ ብቻ አልነበረም። ጫማም ይሰለፋል፤ እንዲያውም ከድንጋይ ይበልጥ ይከበራል፣ ባለቤቱ በአንድ እግር ጫማ ሩቅ አትሄድማ። አዲስ ጀሪካን አይከበርም፤ ማንም አያውቀውም። ሁለት ድንጋይ ያስቀመጠች ሴት ሁለቱንም ታጣለች። እርጉዝ ድንጋይ አያስፈልጋትም። ይህን ሕግ ማንም አልጻፈውም። ሁሉም ግን ያውቀዋል።

አንዲት ጥልፍ ሠሪ ነበረች። አንድ ጠዋት ድንጋይዋን አስቀምጣ ወደ ቤቷ ስትመለስ መንገድ ላይ ወድቃ ሞተች። ውሃው በዚያው ቀን ተቋረጠ፤ ሰልፉም ለሦስት ቀን እንዳለ ቆየ። ተቀበረች። ድንጋይዋን ግን ማንም አላነሳውም። በሦስተኛው ቀን ውሃው ሲመጣ ከኋላዋ የነበረችው ልብስ ሰፊ ድንጋዩን በእግሯ እየገፋች አብራው ተጠጋች። ተራው ሲደርስ የሟችን ልጅ ከለቅሶ ቤት ጠሩና ሦስት ጀሪካን ቀዱላት። ድንጋዩን ልጅቷ ራሷ አነሳችው፤ ከባለቤቱ በቀር የወረፋ ድንጋይ በእጁ የሚያነሳ የለም።

ሰረዝ የሰማችውን አጣራች። ሦስት ሴቶችን ለየብቻ ጠየቀች፣ ሦስቱም አንድ ነገር አሉ። ልጅቷንም ጠየቀች።

ሴቶቹም በበኩላቸው የሚጠይቁት ነበራቸው።

"ይሄን ሁሉ ማነው የሚጽፈው?"

"እኔ ነኝ።"

"ለአለቆችሽ አሳልፈሽ ሰጥተሽ እንዳይሆን ብቻ።"

"እኔ ራሴ ነኝ የምጽፈው።"

በዚህ ቃል ነው ያናገሯት።

ሃያ ሰባት ገጽ ወጣው። ርዕሱን "ድንጋይ ወረፋ ሲይዝ" አለችው። ለጆርናሉ ከማስገባቷ በፊት የሚያውቅ ሰው እንዲያይላት ፈለገችና ለፕሮፌሰሩ ወስዳ ሰጠች። በዚህ ታሪክ ውስጥ የእሷ ጥፋት ይህ ብቻ ነው።

"አስቀምጪው፣ አየዋለሁ" አሉ።

አሥራ አንድ ወር አለፈ። በጠየቀቻቸው ቁጥር "እያየሁት ነው" ይሏታል። በአሥራ ሁለተኛው ወር ከቢሯቸው አንድ ወፍራም ፖስታ መጣ። ለዓመቱ የምርምር ሪፖርታቸው የሚሆኑ ሦስት ጽሑፎች ነበሩበት፤ ሦስቱም ላይ የእሳቸው ስምና ፊርማ አለ። የሦስተኛው ርዕስ "በከተማ ሕዝባዊ ሰልፎች ውስጥ የቦታ፣ የጊዜና የውክልና ድርድር" ይላል። ገለጠችው።

"ድንጋዩ መሬት ከመንካቱ በፊት፣ ባለቤቱ ዙሪያዋን ታያለች።"

የራሷ ዓረፍተ ነገር ነው። ቀጣዩም የራሷ ነው። እስከ ሃያ ሰባተኛው ገጽ ድረስ አንድ ቃል አልተነካም፣ አንድ ቃል አልተጨመረም። ተጨመረ ከተባለ መጨረሻው ላይ አንድ መስመር አለ፤ "ጽሑፉን በመተየብ ለተባበረው ለጆርናሉ ጽሕፈት ቤት ምስጋና ይድረስ።" ምስጋናው እንኳ ለሰው አልደረሰም፣ ለክፍል ነው።

ይህ ስርቆት ነው። በዩኒቨርሲቲ ኮሪደር "አማካሪነት" ይሉታል፣ "ክትትል" ይሉታል፣ "ቅርጽ ማስያዝ" ይሉታል። ቦኖው ጋ አንዷ የሌላዋን ድንጋይ ብታነሳ ምን እንደሚሏት ሴቶቹን መጠየቅ ነው። አንድ ስም ብቻ ነው ያላቸው።

ሰረዝ አንድ ፎቅ ወጣች።

"ፕሮፌሰር፣ ይሄ ጽሑፍ የኔ ነው።"

"የቱ?" አሉ ቀና ሳይሉ።

"የወረፋው።"

"አ፣ እሱ! ጥሩ ነገር ነው። ቅርጽ አስይዤዋለሁ።"

"ምኑን?"

"ርዕሱን።"

"ከርዕሱ በቀር ምንም አልተነካም እኮ።"

"ርዕስ ቀላል ነገር መሰለሽ?" መነጽራቸውን አወለቁ። "ስሚ፣ አንቺ ልጅ። በአንቺ ስም ቢወጣ ማን ያነበዋል? ዲግሪ የለሽ፣ ማዕረግ የለሽ። በኔ ስም ሲወጣ ሰው ይጠቅሰዋል። ሴቶቹም ድምፃቸው ይሰማል። ለነሱ አታስቢም?"

ሰረዝ ያኔ ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነበር።

"ሴቶቹ እርስዎን አያውቁም" አለች።

"እኔም አላውቃቸውም። ሳይንስ እንዲህ ነው።" መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። "ውልሽ መቼ ነው የሚታደሰው?"

"ከስድስት ወር በኋላ።"

"የሚፈርመው ማነው?"

"እርስዎ።"

"እንግዲያው ወደ ሥራሽ።"

ቤት ገብታ ለእህቷ ነገረቻት። እህቷ ሽንኩርት እየላጠች ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጠች።

"እና ምን አልሽው?"

"ምን እላለሁ? ውሌን የሚፈርሙት እሳቸው ናቸው።"

"ለመሆኑ ተሰልፎ ያውቃል ሰውዬው?"

"ሹፌር አላቸው።"

"ታዲያ ሹፌሩ ይጻፈዋ!" አለች እህቷ። ከዚያ ድምጿ ተለወጠ። "አንቺ፣ እነዚያን ሴቶች እኮ እኔ ነኝ ያስተዋወቅኩሽ። ነገ ቦኖ ስሄድ ምን ልበላቸው? እህቴ ድንጋያችሁን ለሰው ሰጠችው ልበል?"

በማግሥቱ ጠዋት ሰረዝ የፕሮፌሰሩን ስም የያዘውን ገጽ ገነጠለች፤ ቆለፈችበት። ለቀረው ቁጥር ሰጠችው፤ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት።

ዋና አዘጋጁ በዕድሜ ያንሳታል። ሥራውን የተማረው ከእሷ ነው፤ "እትዬ ሰረዝ" ነው የሚላት። ክፉ ሰው አይደለም፣ ፈሪ ነው። ቢሮ ውስጥ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ አይታይም።

"እትዬ ሰረዝ፣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ስለ ምንድነው?"

"ስለ ወረፋ።"

"ወረፋ… የከተማ ኑሮ ውስጥ ይገባል።" የገምጋሚዎቹን ዝርዝር በጣቱ ወረደበት። "የከተማ ኑሮ" በሚለው ሥር ሁለት ስም ብቻ አለ። አንዷ በሌላ ከተማ የምታስተምር ሴት ናት። ሌላው ፕሮፌሰሩ ናቸው። "ለሁለቱም ላኪላቸው።"

"ለሁለቱም?"

"ምነው?"

መናገር ትችል ነበር። መናገር ግን የጸሐፊውን ስም ማውጣት ነው፤ መመሪያው ይከለክላል። ሰው የራሱን ጽሑፍ እንዳይገመግም የሚከለክል መስመር ደግሞ መመሪያው ውስጥ የለም። ጆርናሉ ከተቋቋመ ጀምሮ ማንም አላሰበውም። ማን ያስባል?

"ምንም" አለች። ፖስታው ላይ አድራሻውን ጻፈች።

አራት ወር ቆይቶ ሁለቱ ግምገማዎች ገቡ። የመምህርቷ ግማሽ ገጽ ነው። "ከዚህ ጆርናል ከደረሱኝ ጽሑፎች ሁሉ ሁለት ጊዜ ያነበብኩት ይህን ብቻ ነው። ይታተም" ይላል። የፕሮፌሰሩ ሁለት ገጽ ነው። ፊርማው የሳቸው ነው፣ የእጅ ጽሑፉ ግን የሳቸው አይደለም። ይህ ለማንም አዲስ ነገር አልነበረም። ፕሮፌሰሩ የሚላክላቸውን ለተማሪዎቻቸው ያድላሉ፤ ተማሪዎቹ ይጽፋሉ፣ እሳቸው ይፈርማሉ። ተማሪው የሰውየውን አንደበት ያውቃል፤ ስለዚህ ጨክኖ ይጽፋል።

ሰረዝ እንደ ልማዷ ልትተይበው ተቀመጠች።

"ጸሐፊው መስክ ወጥቶ የሚያውቅ አይመስልም" ይላል። እዚህ ላይ ሳቀች። ብቻዋን፣ ጮክ ብላ። ቀጠለች። "የሞተች ሴት ወረፋ ያዘች የሚለው ለማሳመር የተፈጠረ ተረት ነው። ጸሐፊው ምንጭ ሳይኖረው ፈጥሯል። ውድቅ ይደረግ።"

ሳቋ ጠፋ። ጥልፍ ሠሪዋን ታውቃታለች። የትራሷ ልብስ የእሷ እጅ ሥራ ነው። ሰው ሞቶ፣ ሰው ቀብሮ፣ ልጅ ከለቅሶ ቤት ወጥታ ውሃ ተቀብላ፣ ያንን ሁሉ አንድም ቀን ቦኖው ጋ ያልቆመ ሰው "ተረት" አለው። ሌላው ደግሞ ሳያነብ ፈረመበት። ሳያነብ "የኔ ነው" ብሎ የፈረመበትን፣ ሳያነብ "ውሸት ነው" ብሎ ፈረመበት። ሰረዝ ሁለቱን ገጽ እስከ መጨረሻው ተየበች። አንድ ቃል አላረመችም።

"አንዷ ይታተም ትላለች" አለ ዋና አዘጋጁ ሁለቱን አይቶ። "ሌላው ፕሮፌሰሩ ናቸው።"

"ታዲያ?"

"ታዲያ ምን ታዲያ አለው። ውድቅ ነዋ።"

ደብዳቤው ተጻፈ። የገምጋሚዎቹ አስተያየት ያለ ስም ተያያዘበት። ሰረዝ ቁም ሣጥኑን ከፍታ የተገነጠለውን ገጽ አወጣች፤ ጸሐፊ ተብሎ ለተመዘገበው ሰው አድራሻ ጻፈች። ፖስታው አንድ ፎቅ ወጣ።

በሁለተኛው ቀን ፕሮፌሰሩ ወረዱ። ከዚያ በፊት ወደዚያ ቢሮ ወርደው አያውቁም፤ ሰው ነው ወደ እሳቸው የሚወጣው።

"ማነው ይሄ መሃይም?" አሉ ገና በሩ ላይ ሆነው። ደብዳቤው በእጃቸው ላይ ይርገበገባል። "መስክ ወጥቶ አያውቅም ይለኛል! እኔን! ይሄን ሰው ማን ነው አንብብ ብሎ የሰጠው?"

ዋና አዘጋጁ ተነሣ። ደብዳቤውን ተቀብሎ ቁጥሩን አየ። ፊቱ ወረቀት መሰለ።

"ፕሮፌሰር… ሁለት መቶ አሥራ ሁለት የእርስዎ ነው እንዴ?"

"የኔ ነዋ! የማን ሊሆን ነው?"

ሰረዝ ከጠረጴዛዋ ቀና አለች። ፕሮፌሰሩ አላዩዋትም።

"ነገሩን ረጋ ብለን ብናየው…" አለ ዋና አዘጋጁ።

"ምን ረጋ! ስሙን ንገረኝ። ከዝርዝሩ አስወጣዋለሁ። በዚህ ጆርናል ደጅ ሁለተኛ አያልፍም።"

"ባይታወቅ ይሻላል፣ ፕሮፌሰር። ይመኑኝ።"

"የምን መሸፋፈን ነው? አንቺ፣ መዝገቡን ክፈቺ።"

"በቦርዱ ሰብሳቢ የጽሑፍ ትእዛዝ ብቻ ነው የሚከፈተው፣ ፕሮፌሰር" አለች ሰረዝ። "አንቀጽ ስድስት።"

"ሰብሳቢው እኔ ነኝ!"

"አውቃለሁ። በጽሑፍ።"

ከጠረጴዛዋ ላይ ወረቀት መንጭቀው ቆመው ጻፉ። "የቁጥር 212 ገምጋሚዎች ስም ሐሙስ በቦርዱ ፊት ይነበብ።" ፈረሙበት። "ሁሉም ይስማ!" ብለው ወጡ።

ዋና አዘጋጁ በሩን ዘጋ።

"ታውቂ ነበር።"

"መመሪያውን ነው የተከተልኩት።"

"ሆን ብለሽ ነው!"

"የመረጥከው አንተ። የፈረሙት እሳቸው። እኔ አድራሻ ጻፍኩ።" ወረቀቱን መዝገቡ ውስጥ ከተተችው። "ከፈለግህ ሂድና ንገራቸው። ሐሙስ ገና ነው።"

ሄደ። ደረጃው እኩሌታ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

ሐሙስ በአራት ሰዓት አምስት የቦርድ አባላት ተሰበሰቡ። ፕሮፌሰሩ በጠረጴዛው ራስ ተቀመጡ። ዋና አዘጋጁ መስኮቱ ሥር ቆመ። ሰረዝ መዝገቡን ከፈተች። ክንዷ ሥር ሰባት ደብተሮች ይዛለች።

"ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ሁለት" አለች። "ገምጋሚ አንድ፣ ከሌላ ከተማ ያለችው መምህርት። ይታተም ብላለች። ገምጋሚ ሁለት፣ ውድቅ ይደረግ ያለው…" ቀና አለች። "ፕሮፌሰር።"

"አቤት?" አሉ ፕሮፌሰሩ፣ የጠራቻቸው መስሏቸው።

"እርስዎ ነዎት።"

ሰረዝ ዋናውን የእጅ ጽሑፍ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ፊርማው ከታች አለ።

"ይሄን እኔ አልጻፍኩም!" አሉ ፕሮፌሰሩ። "ይሄ የተማሪዎቼ…" ብለው አቆሙ።

ከአባላቱ አንዷ ጡረታቸው የደረሰ የታሪክ መምህርት ናቸው። ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ስበው አዩት።

"ይቆዩ እስቲ ፕሮፌሰር" አሉ። "ያላነበቡት የትኛውን ነው? ግምገማውን ነው ወይስ ጽሑፉን?"

አንድ አባል ሳቁን በሳል ሸፈነው።

"ሁለቱንም" አለች ሰረዝ። "ጽሑፉ የኔ ነው። እንዲያዩልኝ ብዬ ሰጠኋቸው፣ ስማቸውን ለጥፈው መለሱት። ደብተሮቹ እነዚህ ናቸው። ቀኑም ሰዓቱም አለበት።"

የታሪክ መምህርቷ አንዱን ደብተር ገለጡ፣ አንድ ገጽ አነበቡ። ለጎረቤታቸው አቀበሉ። ጎረቤታቸው ሳይገልጥ ለሚቀጥለው አሳለፈ። የሚቀጥለውም እንዲሁ።

ሰረዝን ውጪ ጠብቂ አሏት። ኮሪደሩ ላይ አርባ ደቂቃ ቆመች፤ ወንበር አልነበረም። የቦርዱን ቃለ ጉባኤ ሁልጊዜ የምትይዘው እሷ ናት። በዚያን ዕለት ማንም አልያዘም።

መልሰው ሲያስገቧት የተናገረው ዋና አዘጋጁ ነበር። ጫማውን እያየ ነው የተናገረው።

"ቦርዱ ለጆርናሉ ክብር ሲል… ነገሩ አስተዳደራዊ ስህተት ተብሎ ተይዟል። ጽሑፉ በሁለታችሁ ስም ይወጣል። የፕሮፌሰሩ ይቀድማል፣ በማዕረግ።"

"ስህተቱ የማን ነው?"

"አስተዳደራዊ ነው ተብሏል።"

"አስተዳደሩ እኮ እኔ ነኝ።"

የታሪክ መምህርቷ "እኔ በዚህ አልተስማማሁም፣ ነውር ነው" አሉ። አራት ለአንድ ነበር፤ ከአራቱ አንዱ ፕሮፌሰሩ ራሳቸው ናቸው።

"ዕድል ነው ለአንቺ" አሉ ፕሮፌሰሩ። ድምፃቸው ተመልሶላቸዋል። "ስንቱ ዶክተር ከኔ ጋር ስሙ ቢወጣ ይመኛል።"

ሰረዝ ደብተሮቹን ከጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ ሰበሰበች።

"ፕሮፌሰር፣ አንድ ነገር ይንገሩኝና እስማማለሁ። ስሜ ከታችም ይሁን። ጥልፍ ሠሪዋ ከሞተች በኋላ ድንጋይዋን የገፋላት ማነው?"

ፕሮፌሰሩ ወደ ዋና አዘጋጁ አዩ። ዋና አዘጋጁ ወደ መስኮቱ አየ።

"ይሄ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? እዚህ የመጣነው ለፈተና ነው እንዴ?"

"ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ አለ" አለች። "አርባ አንድ ሴቶች ማነው የሚጽፈው ብለው ጠይቀውኝ እኔ ራሴ ብያለሁ። ከአንድ ሰው ጋር አላልኩም።"

"ካልተስማማሽ አይታተምም፣ እትዬ ሰረዝ" አለ ዋና አዘጋጁ ቀስ ብሎ።

"አይታተም።"

አልታተመም። በቦታው ስለ ሠርግ ልብስ አንድ ጽሑፍ ገባ። በጽሑፉ ውስጥ ሁለት የሌሉ መጻሕፍት ተጠቅሰው ሰረዝ አገኘቻቸው፣ አወጣቻቸው። ፕሮፌሰሩ ዛሬም የቦርዱ ሰብሳቢ ናቸው። ለዓመቱ ሪፖርታቸው ሁለቱ ጽሑፎች በቁ።

የሁለት መቶ አሥራ ሁለት ፋይል ግን አልተዘጋም። ያልታተመ ጽሑፍ በአሥር ቀን ውስጥ ለጸሐፊው መመለስ አለበት፤ ጸሐፊውም በርክክብ ቅጽ ላይ ይፈርማል። "ጽሑፌን ተረክቤያለሁ" ይላል ቅጹ፤ ከሥሩ ስም፣ ፊርማ፣ ቀን። ሰረዝ ቅጹን ከጽሑፉ ጋር ወደ ፕሮፌሰሩ ቢሮ ላከችው። ሳይፈረም ተመለሰ። እንደገና ላከችው። እንደገና ተመለሰ። ቢፈርሙ፣ በራሳቸው ፊርማ ተረት ያሉትን በራሳቸው ፊርማ የኔ ነው ማለታቸው ነው። ያንን ደግሞ ቦርዱ ሁሉ አይቶታል።

በአሥረኛው ቀን ዋና አዘጋጁ ፋይሉን ይዞ ጠረጴዛዋ ፊት ቆመ።

"ምን እናድርገው? ጸሐፊው መፈረም አለበት፣ አለበለዚያ አይዘጋም።"

"ጸሐፊው ይፈርማላ።"

"እምቢ ብለዋል እኮ።"

ሰረዝ ቅጹን ከእጁ ወሰደችው። ስም በሚለው መስመር ላይ ስሟን እስከ አያቷ ጻፈች። ፈረመች። ቀኑን ጻፈች። መለሰችለት።

ዋና አዘጋጁ ቅጹን ቆሞ አነበበው።

"እትዬ ሰረዝ፣ በዚህ ላይ ማህተም ካደረግኩ እኮ ጸሐፊዋ አንቺ ነሽ ማለት ነው። በሰነድ።"

"አድርግበት።"

"ውልሽ በሚቀጥለው ወር…"

"መቼ እንደሆነ አውቃለሁ። አድርግበት።"

ፕሮፌሰሩ ወዳሉበት ወደ ላይኛው ፎቅ፣ ወደ ኮርኒሱ አየ። ከዚያ መሳቢያውን ከፈተ፣ ማህተሙን አወጣ፣ መታ። ቀለሙ ደርቆ ኖሮ ግማሹ ክብ ብቻ ነው የወጣው። ቅጹን ወደ ፋይሉ ሊከተው ሲል ሰረዝ እጇን ዘረጋች፤ ወረቀቱን መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስተካክላ አስቀመጠችለት።

"አይነበብም" አለችው። "ድገመው።"